የካርዲናሉ ዘመዶች

ከቤታችን ሥር ባለችው ኬክ ቤት ዳቦ ባነሰ ቁጥር አንዲት የሞተች ሴት ትሰደባለች። ሰሞኑንም እንደ ልማዱ ሆነ። አንድ ወዳጄ ዳቦውን አንስቶ አገላበጠው፤ ጨበጥ ሲያደርገው እጁ ውስጥ ጠፋ። «ይሄ ዳቦ ነው የዳቦ ፎቶ?» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ሁላችንም የምንጠብቀውን ተናገረ፦ «ያቺ የፈረንሣይ ንግሥት እንዳለችው ነው፤ ዳቦ ካጡ ኬክ ይብሉ!»

ይህን ሲል ፊቱ ያለው ሳህን ላይ ግማሹ የተበላ ቸኮሌት ኬክ ነበር። ሹካው ራሱ ኬኩ ላይ እንደተሰካ ነው። ማንም ግን ልብ አላለውም። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ የሴትዮዋ ጭካኔ እንደ አዲስ ከነከነን።

ሴትዮዋ ማሪ አንቷኔት ናት። የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ቴሬዛ 15ኛ ልጅ፣ በ14 ዓመቷ ለፈረንሣይ አልጋ ወራሽ የተዳረች፣ በ37 ዓመቷ ኦክቶበር 16 ቀን 1793 ፓሪስ ላይ አንገቷ የተቀላ። (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ ለመቀየር ስሞክር ሴትዮዋን ከመዳሯ በፊት ገደልኳት።) ያንን ቃል እንዳልተናገረች ለወዳጄ ስነግረው የአባቱን ርስት የነጠቅኩት ያህል አፈጠጠብኝ። ነገሩ ግን ይኸው ነው። ዣን ዣክ ሩሶ ስለ ገዛ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስሟን የማይጠራት አንዲት ታላቅ ልዕልት ገበሬዎቹ ዳቦ የላቸውም ሲሏት ብሪዮሽ ይብሉ ማለቷን ያነሳል። ሩሶ ያንን ክፍል ሲጽፍ ማሪ አንቷኔት ገና ቪየና ውስጥ ያለች ሕፃን ናት፤ የፈረንሣይን ምድር በእግሯ አልረገጠችም። ብሪዮሽም ቢሆን ኬክ አይደለም፤ ቅቤና እንቁላል የበዛበት ዳቦ ነው።

«እና ማን ናት ያለችው?» አለኝ ወዳጄ።

«አይታወቅም።»

«ካልታወቀማ እሷ ናታ!»

እናንተዬ፣ እዚህ ላይ ምን ይባላል? ሹካውን ነቅሎ ኬኩን ጨረሰ።

ወዳጄ ላይ መፍረድ ግን አልችልም። ይቺን ሴት በልብ ወለድ ማወቅ የጀመርነው ዛሬ አይደለም። በሕይወት እያለች፣ በገዛ ቤተ መንግሥቷ ግቢ ውስጥ፣ እሷ ራሷ ሳታውቅ ልብ ወለድ ተደርሶባታል። ያንን የመጀመሪያውን ድርሰት የደረሰችው ዣን ደ ላ ሞት የምትባል አጭበርባሪ ናት። የመጀመሪያው አንባቢ ደግሞ ካርዲናል ነው።

ዣን ከድሮዎቹ የቫልዋ ነገሥታት ከጋብቻ ውጭ የሚመዘዝ ዘር ነበራት። ዘሩ ቢኖርም እህሉ አልነበረም፤ በልጅነቷ መንገድ ላይ ቆማ ለምናለች። የንጉሥ ደም ያለበት ሰው ሲርበው የሚሰማው ርሃብ ከሌላው የተለየ መሆን አለበት፤ ዣን ዕድሜዋን በሙሉ የተበደረችውን ሁሉ ውርሷን ያስመለሰች ያህል ነበር የምትቆጥረው።

ካርዲናሉ ሉዊ ደ ሮአን ነው። ከፈረንሣይ ታላላቅ ቤተሰቦች የተወለደ፣ የስትራስቡርግ ጳጳስ፣ የቤተ መንግሥቱ ዋና ካህን። ሙሽሪት ማሪ አንቷኔት በ1770 ከኦስትሪያ ስትመጣ ስትራስቡርግ ካቴድራል ውስጥ ተቀብሎ የባረካት እሱ ነበር። ኋላ አምባሳደር ሆኖ ቪየና ሲላክ እናቷን በአኗኗሩ አስቀየመ፤ ልጅቱም ንግሥት ስትሆን ዘጋችው። ሰላምታ የለ፣ ቃል የለ፣ ዓመታት አለፉ። ሮአን ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን ይመኛል፤ ንግሥቲቱ ፊቷን ካላዞረችለት ደግሞ ምኞቱ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ለቀረው፣ ሀብት ለጠገበ፣ ከአንዲት ሴት ፈገግታ በስተቀር ምንም ላልጎደለው ሰው ልብ ወለድ ከመሸጥ የቀለለ ንግድ የለም።

ዣን የንግሥቲቱ የቅርብ ወዳጅ ነኝ አለችው። ካርዲናሉ አመነ። ከዚያ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሬቶ ደ ቪሌት የሚባል የዣን ውሽማ ነው። ካርዲናሉ ይጽፋል፣ «ንግሥቲቱ» ትመልሳለች፤ ቅዝቃዜው በየደብዳቤው እየሟሟ ይሄዳል። ተከታታይ ልብ ወለድ ማለት ይኸው ነው፤ አንባቢው ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ እንቅልፍ አጣ።

ኋላማ ደብዳቤው አላጠግበው አለ፤ በዓይኔ ልያት አለ። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ ብዕሩን ጥሎ ይጠፋ ነበር። ዣን ግን ገጸ ባሕርይዋን ከወረቀት አውጥታ በእግሯ አስኬደቻት። ባሏ ፓሪስ ፓሌ ሮያል አካባቢ ሲዘዋወር ኒኮል ለጌ የምትባል ንግሥቲቱን የምትመስል ወጣት አገኘላት። ነጭ ስስ የጥጥ ቀሚስ አለበሰቻት። ቀሚሱ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሠዓሊዋ ቪዤ ለ ብረን ማሪ አንቷኔትን በእንዲህ ያለ ቀሚስ ስላት፣ «ንግሥት በውስጥ ልብስ ትሣላለች ወይ!» ተብሎ ሥዕሉ ከዐውደ ርእዩ እስከ መውረድ ደርሶ ነበር። ካርዲናሉ የሚያውቃት ንግሥት የሥዕሏ ንግሥት ናት፤ ዣንም ሥዕሉን አመጣችለት።

ኦገስት 1784፣ በጨለማ፣ ከቬርሳይ መናፈሻ ዛፎች መካከል። ካርዲናሉ ጎንበስ ብሎ የቀሚሷን ጫፍ ሳመ። ልጅቱ ጽጌረዳ ሰጠችው፤ አብራ እንድትሰጠው የታዘዘችውን ደብዳቤ ግን በድንጋጤ ረሳችው። ወዲያው «ሰው መጣ!» ተባለ፤ ሁሉም ተበተነ። ጥቂት ቅጽበት ነው የፈጀው። ካርዲናሉ እስከዚያ ቀን ድረስ በቀን ብርሃን፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በግብር ላይ ንግሥቲቱን ስንት ጊዜ አይቷታል! የቆዳዋን ንጣት፣ የአረማመዷን ነገር አገር ሁሉ ያወራዋል። ያመነው ግን የጨለማዋን ነው። የቀኗ ፊቷን ታዞርበታለች፤ የጨለማዋ አበባ ትሰጠዋለች።

የቀረው ሒሳብ ማወራረድ ነው። በመርና ባሳንዥ የተባሉ የአልማዝ ነጋዴዎች 647 አልማዝ የተሰካበት ሐብል ሠርተው አንገት አጥተውለታል። የታሰበው ለሉዊ 15ኛ ውሽማ ለማዳም ዱ ባሪ ነበር፤ ንጉሡ በ1774 በፈንጣጣ ሞተና ሐብሉ ነጋዴዎቹ እጅ ላይ ቀረ። ማሪ አንቷኔት ግዢ ስትባል እምቢ ብላለች። የዣኗ «ንግሥት» ግን ፈለገችው፤ በምስጢር፣ በዱቤ፣ በአራት ጊዜ ክፍያ፣ 1,600,000 ሊቭር። ዋስ የሚሆናት ታማኝ ሰው ብቻ ነው የጎደላት። ካርዲናሉ ተሽቀዳድሞ ፈረመ። ውሉ ላይ «ማሪ አንቷኔት ደ ፍራንስ» የሚል ፊርማ መጣለት። ፌብሩዋሪ 1785 ሐብሉን ዣን ቤት አምጥቶ «ለንግሥቲቱ መልእክተኛ» አስረከበ። ብዙም ሳይቆይ አልማዙ ተነቃቅሎ የዣን ባል ለንደን ላይ ይቸረችረው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለ ታሪኳ ምንም አታውቅም። ነጋዴው በመር አንድ ቀን እጅ የነሳበት ደብዳቤ ቢልክላት ምን እንደሚል ስላልገባት በሻማ አቃጠለችው። ሰው በስሟ መጽሐፍ ሲጽፍባት የእሷ ድርሻ ይህን ያህል ነው፤ አንድ ወረቀት፣ እሱንም ሳይገባት።

ኦገስት 15 ቀን 1785፣ በካቶሊኮቹ የማርያም ዕርገት በዓል፣ ካርዲናሉ ሙሉ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ቅዳሴ ሊገባ ሲል ንጉሡ ዘንድ ተጠራ። የሐብሉ ነገር ቤተ መንግሥት ደርሶ ኖሯል፤ ሉዊ 16ኛ ውሉን ይዞ ይጠብቀዋል። እንደሚታወቀው ሉዊ 16ኛ ከብልጠቱ ይልቅ በቁልፍ ሥራና በአደን የሚነሳ ሰው ነው። እሱ እንኳ ወረቀቱን ባየ ጊዜ ነገሩ ገባው። የፈረንሣይ ንግሥት ስትፈርም የክርስትና ስሟን ብቻ ነው የምትጽፈው፤ «ደ ፍራንስ» የሚል ጅራት አትጨምርም። ይህን ደግሞ የሮአን ቤተሰብ ልጅ፣ የቤተ መንግሥቱ ዋና ካህን ካላወቀ ማን ይወቅ? ካርዲናሉ ምን ይበል! በዓሉን ሊያከብር በተሰበሰበው መኳንንት ፊት፣ ከነቀይ ልብሱ ተያዘ። በመንገድ ላይ ግን ለጸሐፊው ለመላክ በእርሳስ አንድ ማስታወሻ ጫር አደረገ፦ ወረቀቶቹ ይቃጠሉ። ምናልባት ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አንባቢ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ያሰበው።

ጉዱ ያለው ፍርዱ ላይ ነው። የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜይ 31 ቀን 1786 ካርዲናሉን ነጻ ለቀቀ፤ ሕዝቡም «ካርዲናሉ ይኑር!» እያለ ጨፈረ። ዣን ተገረፈች፣ ትከሻዋ በጋለ ብረት ተተኮሰ፣ ታሰረች። ንግሥቲቱስ? እሷ ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አልነበረችም። ግን ካርዲናል የሚያህል ሰው ንግሥት በሌሊት መናፈሻ ውስጥ ወንድ ትቀጥራለች ብሎ ማመኑ ጥፋት ካልሆነ፣ ጥፋቱ ወዴት እንደዞረ ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። አገር ሁሉ ከሐብሉ ታሪክ ውስጥ ሐብሉን ጥሎ መናፈሻውን ያዘ። ዣን በ1787 ከእስር አምልጣ ለንደን ገባች፤ በ1789፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ትዝታዬ ብላ በንግሥቲቱ ላይ ያልተጻፈ ነውር የሌለበት መጽሐፍ አወጣች። ገዢ አላጣችም። ከተፈረደባት አጭበርባሪ መጽሐፍ ገዝቶ፣ አንብቦ፣ «ለካስ!» ብሎ መደነቅ እንግዲህ ያን ጊዜ ተጀመረ።

እኔ ሁላችንንም የካርዲናሉ ዘመዶች የምለው ለዚህ ነው። ራሴን ጨምሬ።

ከዓመታት በፊት የአሌክሳንደር ዱማን «ሼቫሊዬ ደ ሜዞን ሩዥ» በሦስት ሌሊት ጨረስኩ። ንግሥቲቱን ከእስር ሊያስመልጣት የሚንከራተት ጎበዝ ታሪክ ነው፤ ከአንድ ቤት ሥር ጀምረው ወደ ታምፕል እስር ቤት ዋሻ ይቆፍራሉ። በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል፤ ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ ፖለቲካ፣ ከፖለቲካ ወደ አብዮት ሄደ። እኔም ዕድሌን አገኘሁ። ዋሻውን ቆፈርኩት። አፈሩን ሳይቀር በእጄ እያሳየሁ፣ ድምፄን ዝቅ ከፍ እያደረግሁ ነው የማወራው። ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ካርታቸውን አጥፈው ሰሙኝ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ስጨርስ ቀስ ብለው፣

«ልጄ፣ ይሄን ዋሻ አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አንብቤ ነው ጋሼ።»

«ከማን?»

«ከዱማ።»

«ተወው በቃ። ዱማ የቆፈረውን ዋሻ ማንም አይደፍነውም።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን እኔ ነኝ ያስታወስኳቸው። ጋሼ ግን አዘኑልኝ መሰለኝ እውነተኛውን ነገሩኝ። በኦገስት 1793 መጨረሻ ሩዥቪል የሚባል ሰው ኮንሲዬርዠሪ እስር ቤት ድረስ ገብቶ፣ ወረቀት የተሸሸገባት የአበባ እምቡጥ ክፍሏ ውስጥ ጣለላት። ንግሥቲቱ ቀለምና ብዕር ተከልክላለች፤ በመርፌ ወረቀት እየበሳች መልስ ጻፈች። ዘቡ አጋለጠ፤ ነገሩ ከሸፈ። ዱማ ልብ ወለዱን የቀዳው ከዚህ ነው። አንዲት ሴት ወረቀት በመርፌ ስትወጋ ማሰብ ከየትኛውም ዋሻ ይልቅ አንጀት ይበላል። እኔ ግን አልደብቃችሁም፤ ጋሼ በሌሉበት እስከ ዛሬ የማወራው ዋሻውን ነው። ለመርፌው ማን ካርታውን ያጥፋል?

የዱማ ጣጣ በእኔ ብቻ አላበቃም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄኔቭ ከተማ ኤሌን ስሚዝ በሚል ስም የታወቀች የሱቅ ሠራተኛ ነበረች፤ መንፈስ ይወርድላታል። ሲወርድላት ማሪ አንቷኔት ትሆናለች፤ በቀደመ ሕይወቴ እሷ ነበርኩ ነው የምትለው። መሪ መንፈሷ ደግሞ ካልዮስትሮ ነው፤ በእውነተኛው ታሪክ ካርዲናል ሮአን እንደ ነቢይ ይሰማው የነበረው ጣሊያናዊ አስማተኛ። ቴዎዶር ፍሉርኗ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነገሩን በትዕግሥት ተከታተለው። የሴትዮዋን የእጅ ጽሕፈት ከንግሥቲቱ ደብዳቤዎች ጋር ሲያስተያየው አልገጠመም። ኋላም አንድ ነገር ደረሰበት፤ ካልዮስትሮና ወጣቷ ማሪ አንቷኔት የተገናኙበትን ሥዕል አንዲት ወዳጇ ቀደም ብላ አሳይታት ኖሯል። ሥዕሉ የወጣው ከዱማ ልብ ወለድ ነው። አያችሁልኝ? ነፍስ ሳይሆን መጽሐፍ ነው የወረደባት።

ደግሞ ይህ ያልተማረ ሰው ጣጣ ነው እንዳትሉኝ። ኦገስት 10 ቀን 1901 ሁለት እንግሊዛውያን መምህራን ቬርሳይን ሊጎበኙ ሄዱ። አንዷ ሻርሎት ሞበርሊ የኦክስፎርድ የሴቶች ኮሌጅ ኃላፊ፣ ሌላዋ ኤሊኖር ጆርዳን ምክትል ልትሆናት የታጨች። የንግሥቲቱ ትንሽ ቤተ መንግሥት ወደ ነበረው ትሪያኖን ሲያመሩ መንገድ ጠፋባቸው። አየሩ ከበዳቸው፤ የድሮ ልብስ የለበሱ ሰዎች አዩ። ሞበርሊ ሣር ላይ ተቀምጣ ሥዕል የምትነድፍ ሴት አየች፤ አጠገቧ ያለችው ጆርዳን ያቺን ሴት አላየችም። ከጊዜ በኋላ ሲመክሩ ሲዘክሩ ያች ሴት ማሪ አንቷኔት ናት ብለው ደመደሙ። ዓመታት ሙሉ ካርታና መዝገብ ሲያገላብጡ ኖረው በ1911 በብዕር ስም መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ ጉድ ተባለ። እኔን የሚያስቀኝ መንፈሱ አይደለም፤ ቬርሳይ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት «ተሳስቼ ነው» ከማለት ይልቅ «ንግሥቲቱን አግኝቼ ነው» የሚል የኮሌጅ ኃላፊ ነው። እኛ ስናረፍድ ትራፊክ ነው እንላለን፤ እነሱ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው አሉ።

የጃፓኗ ሪዮኮ ኢኬዳ ቢያንስ አልዋሸችም። በ1972 የጀመረችው የሥዕል ታሪክ «የቬርሳይ ጽጌረዳ» ውስጥ ኦስካር የምትባል፣ እንደ ወንድ ያደገች የንግሥቲቱ ዘብ አዛዥ ፈጠረች። ፈጠራዋ ከባለ ታሪኳ በልጣ ቁጭ አለች፤ አንባቢው ለንግሥቲቱ ካለቀሰው ይልቅ ላልነበረችው ኦስካር ያለቀሰው ይበዛል። ልብ ወለድ ነኝ ብሎ የመጣ ልብ ወለድ መከበሩ ደስ ይላል።

ክርክሩ የጦፈው ሶፊያ ኮፖላ በ2006 ፊልሟን ስታወጣ ነው። ንግሥቲቱ ጫማ ስትለካ፣ ከሐሩ ጫማዎች መካከል ለዓይን ጥቅሻ ያህል ኮንቨርስ ስኒከር ብቅ ይላል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ተመልካቹ ግን ሌባ የያዘ ያህል ጮኸ። «በ1780ዎቹ ስኒከር የት ነበር!» ጥሩ ጥያቄ ነው። ያው ጠያቂ ሁለት ሰዓት ሙሉ የቬርሳይ መኳንንት ባማረ እንግሊዝኛ፣ ያውም ባሜሪካ ቅላጼ፣ ሲያወሩ ተቀምጦ ሰምቷል። ጆሮው ምንም አላለም፤ እግሯን ግን አየ።

ስለ ጸጉሯም አንድ ነገር ልበል። ማሪ አንቷኔት ሲባል ሰው ሁሉ ፊት የሚመጣው ጸጉሯ ላይ መርከብ የተጫነላት ሴት ሥዕል ነው። ያ ሥዕል የእሷ አይደለም፤ በ1778 ገደማ የባሕር ውጊያ ድል ሲወራ የወጣ የፋሽን ኅትመት ነው። ጸጉር ሠሪዋ ሌዎናር በወጣትነቷ ጸጉሯን እንደ ግንብ መካቡ እውነት ነው። ልጆች ከወለደች በኋላ ግን ጸጉሯ ይረግፍ ጀመር፤ ሌዎናርም አሳጠረላት። መርከብ የሚጭኑባት ሰዎች የሚጭኑት እየተመለጠች በነበረች ሴት ላይ ነው። ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት «ከወሊድ በኋላ ሁላችንም እንደዚያው ነን» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የበለጠ ሰው ያደረጋት ይሄ ነው።

ቅድስት ነበረች ለማለትም አይደለም። በ1785 ለልብስ ብቻ ከ250,000 ሊቭር በላይ አውጥታለች፤ ልብስ ሰፊዋን ሮዝ በርታንን ሕዝቡ የፋሽን ሚኒስትር እያለ ነበር የሚቀልድባት። ግን በ1788 የመንግሥቱን ወጪ ግማሽ ያህል የበላው የዕዳ ክፍያ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ከነአሽከሩ ከነፈረሱ 6 ከመቶ ገደማ ነው የወሰደው። ከዕዳው ትልቅ ቁራጭ ደግሞ አሜሪካኖች ነጻ እንዲወጡ የተከፈለ የጦርነት ዕዳ ነው። ስለ ዕዳ ወለድ ግን ማን ልብ ወለድ ይጽፋል? ወለድ ቀሚስ የለውም።

በ2021 ደግሞ ተመራማሪዎች የስዊድኑ መኮንን አክስል ፎን ፌርሰንና እሷ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች በኤክስሬይ መሣሪያ መርምረው፣ በቀለም የተሠረዘውን ሥር አነበቡ። የወጣው የፍቅር ቃል ነው፤ የሠረዘውም ራሱ ፌርሰን ነበር። አንድ ሰው የሚወዳትን ሴት ከወሬ ሊሰውር ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አጠቆረ። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹማ ከመቶ ዓመታት በፊት ድረውላቸው ጨርሰዋል፤ ለመሣሪያው የቀረው ምስክርነት ብቻ ነው።

በ2018 ጄኔቭ ላይ የእሷ የነበረች አንዲት የዕንቁ ጌጥ በ36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች፤ ገማቾቹ አንድ ወይ ሁለት ሚሊዮን ታወጣለች ብለው ነበር። ቀሪውን የከፈለው ዕንቁዋን ፈልጎ አይመስለኝም። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይም ያ የታሰረችበት ኮንሲዬርዠሪ መስኮት ላይ የተቆረጠ ራሷን በእጇ ይዛ የአብዮቱን ዘፈን አስዘፈኗት። ወዳጄ ኬክ ቤት በቴሌቪዥን አይቶ «ይገባታል» አለ። በዚያን ቀን የበላውን አላስታውስም።

እሷ ራሷ የጻፈችው የመጨረሻ ደብዳቤ ፈረንሣይ ውስጥ አለ። የተጻፈው በተገደለችበት ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለባሏ እህት ለማዳም ኤሊዛቤት ነው። ልጆቿን አደራ ትላለች። ኤሊዛቤት ደብዳቤው ሳይደርሳት በሜይ 1794 እሷም ተገደለች፤ ወረቀቱ ከአብዮቱ ሰዎች አንዱ ቤት ተሸሽጎ ኖሮ በ1816 ተገኘ። ዣን ያስጻፈቻቸው የውሸት ወረቀቶች ያ የሚያምር ፊርማ ነበረባቸው። ይሄኛው መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ታችኛው ጠርዝ ላይ ከሳሿ ፉኪዬ ታንቪል ፈርሟል፤ ከአብዮቱ ሰዎችም አራት ፈርመውበታል። የእሷ ፊርማ የለበትም።